ላፕቶፑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ፤ መብራቱ 2 ብርቱካናማ 3 ነጭ ይላል

የሆጤዋ (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ላፕቶፑ ዴል ላቲትዩድ 5490 ነው፤ ኮር አይ5 8ኛ ትውልድ፣ ራሙ 8 ጊጋ (ሁለት ባለ 4)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 10።

ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ኮምቦልቻ ወረደ፤ እንደደረሰ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ጥቂት ሰከንድ ይዞርና ዝም ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍም ሆነ የዴል ምልክት አይመጣም። ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ የባትሪ መብራት 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 3 ጊዜ ነጭ ብልጭ ትላለች፤ ጥቂት አርፋ ያንኑ ትደግማለች። የቻርጀሩ መብራት በርቷል።

የሞከርኩት፦ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት (ምንም)፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ማብሪያውን 30 ሰከንድ መጫን (ምንም)። ውሃ አልፈሰሰበትም፣ አልወደቀም። አንድ ጥገና ቤት ሳይከፍቱት «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አሉኝ። እውነት ነው? ራሴ ልክፈተው ብል ከየት ልጀምር? የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጡ ስለሆነ እሱ ያሳስበኛል።

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 2:25

እህቴ፣ ላፕቶፑ ራሱ የት እንዳመመው እየነገረሽ ነው። በዚህ ሞዴል ብርቱካናማው የመጀመሪያው ቁጥር፣ ነጩ ሁለተኛው ነው። 2 እና 3 ማለት «ራም (ማሽኑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) አላገኘሁም» ማለት ነው። ቦርድ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፦ 2 እና 1 ቢሆን ፕሮሰሰር፣ 2 እና 2 ቢሆን ባዮስ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም)፣ 2 እና 7 ቢሆን ስክሪን፣ 3 እና 1 ቢሆን የሰዓቱ ክብ ባትሪ ነበር። ቴሌቪዥኑም ዝም ያለው ለዚህ ነው፤ ማሽኑ ራም ሳያገኝ ምስል እስከማውጣት ድረስ አይሄድም። ስክሪኑን እርሺው።

ቦርዱ ደህና ነው ብዬ አልምልም፤ የራም ማስገቢያውም፣ ለራም ኃይል የሚሰጠው መስመርም ቦርዱ ላይ ነውና። ግን ብዙውን ብልሽት በካቻቢቴና በላጲስ መለየት ሲቻል ከቦርድ መጀመር ሞኝነት ነው። ራሙን መፈተሽ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የሚያስፈልግሽ፦ ፒኤች0 ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ አሮጌ የኤቲኤም ካርድ ወይም የጊታር መምቻ፣ ነጭ ላጲስ፣ ለስላሳ የጥርስ ቡርሽ፣ 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ባለ 70 አንድ ሦስተኛው ገደማ ውሃ ነው፤ ሌላ ካጣሽ ለራሙ ጫፍ ብቻ ተጠቀሚበት፣ ማስገቢያው ውስጥ ግን አታስገቢው።

ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ላፕቶፑን ገልብጠሽ ብሎኖቹን ፍቺ። እነዚህ ብሎኖች ከክዳኑ ጋር ስለሚቀሩ እስኪወጡ ድረስ አትጎትቺ፤ ሲላሉ ይበቃቸዋል። ካርዱን ከማጠፊያው በኩል አስገብተሽ ቀስ እያልሽ ዙሪያውን አላቂው። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ የፕላስቲክ መያዣው ነው፣ አያስደንግጥሽ።

ከተከፈተ በኋላ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ አላቂ፤ ሽቦውን ሳይሆን የሶኬቱን ጆሮ ይዘሽ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ባትሪው እንደተሰካ ራም ይነቅላል፣ የነበረችውን ትንሽ ችግር ትልቅ ያደርጋታል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያዢ። ቀድሞ ያደረግሽው ያልሠራው ባትሪው ውስጥ ስለነበረ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀር መንቀል ብቻውን ኃይሉን አያጠፋውም።

አሁን ራም። በሁለቱ ጎን ያሉትን የብረት መያዣዎች ወደ ውጭ ስትገፊያቸው ራሙ ራሱ ተንጋዶ ይነሳል። የወርቅማውን ጫፍ በላጲስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሸት አሸት አድርጊ፣ ፍርፋሪውን አራግፊ፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጊ፣ 10 ደቂቃ ይድረቅ። በጣትሽ አትንኪው። ማስገቢያውን በደረቅ ቡርሽ ብቻ።

መልሰሽ ስትከቺ ሁለቱንም አትክተቺ። አንዱን ብቻ፣ በ30 ዲግሪ ገደማ አንጋድደሽ እስከ መጨረሻው ግፊው፤ የወርቁ መስመር ሊጠፋ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ። ከዚያ ወደ ታች ጫን ስትይው መያዣው «ቀጭ» ብሎ ይይዘዋል። ባትሪው እንደተነቀለ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተሽ አብሪ።

ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ራም ሲቀያየር ማሽኑ አዲሱን ለክቶ እስኪለምደው ድረስ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከወትሮው ይቆያል፤ አንዳንዴም ራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳትነኪው ጠብቂ። አልሆነም ካለ ሁለት ራም በሁለት ማስገቢያ አራት አማራጭ ነውና አራቱንም ሞክሪ፤ በየመሃሉ ቻርጀሩን እየነቀልሽ፣ ውጤቱንም ወረቀት ላይ እየጻፍሽ። ሁለቱም ራሞች በአንዱ ማስገቢያ ሠርተው በሌላው እምቢ ካሉ ጥፋቱ የማስገቢያው ነው። አንዱ ራም በሁለቱም ቦታ እምቢ ካለ ራሙ ሞቷል።

መብራቱ ነው ወይስ ሌላ ለሚለው፦ የመብራቱ መሄድና መምጣት በመጀመሪያ የሚያገኘው ቻርጀሩን ነው፤ ራም ላይ እስኪደርስ ብዙ በር አለ። እኔ የምጠረጥረው ሐረጎን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት ነው። የደሴን ብርድ የጠጣ ብረት ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ቦርሳው ሳይከፈት አንድ ሰዓት ያህል ቢቀመጥ ይሻል ነበር።

ባለዲስኩ (ደሴ፣ ፒያሳ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3:05

ስለ ጽሑፍሽ ልመልስልሽ። ራም ቢሞት፣ ቦርድ ቢቃጠል፣ ፋይሉ ያለው ኤስኤስዲው ላይ ነው። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር መጀመሪያ እሱን አውጪው፤ ለማንም ጥገና ቤት ከመስጠትሽ በፊትም እንዲሁ። ማሽኑን ለመፈተሽ ዲስክ አያስፈልግም፤ ያለ ዲስክም የዴል ምልክት ይመጣል፣ ባዮስም ይከፈታል። «ፎርማት ሳናደርገው አይሠራም» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ላፕቶፑን ይዘሽ ውጪ፤ መብራቱ 2 እና 3 እያለ ፎርማት የሚፈታው ነገር የለም።

ያንቺ ዲስክ ኤም ዶት 2 የሚባለው ማስቲካ መሳዩ ቀጭን ነው። በአንድ ብሎን ተይዟል፤ ብሎኑ ሲፈታ ጫፉ ቀና ይላል፣ ከዚያ ወደ ውጭ ሳቢው። በሌላ ኮምፒውተር ለማንበብ ዩኤስቢ ኬዝ ያስፈልጋል። ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ያባክናል፦ ኬዙ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለሳታና ለኤንቪኤምኢ። ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል አንዱ ሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ግን አይነበብም። የዲስኩን ወርቃማ ጫፍ እይ፤ ሁለት ቦታ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ። በላዩ ያለው ወረቀት ላይም ይጻፋል። ሁለቱንም የሚያነብ ኬዝ ካገኘሽ እሱን ግዢ።

ዲስኩ ተነቦ ግን «ቁልፍ አስገቢ» ካለሽ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ተከፍቶበታል ማለት ነው። አትደንግጪ፣ አሁንም ፎርማት አታድርጊ። የሚጠይቅሽ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ነው። ዊንዶውሱ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ በስልክሽ ገብተሽ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጊው። ቦርድ ለማስቀየር ካሰብሽ ደግሞ ይህን ቁጥር ሳትይዢ እሺ አትበይ፤ ቁልፉን የሚጠብቀው ቺፕ ከአሮጌው ቦርድ ጋር ስለሚሄድ አዲሱ ቦርድ ቁጥሩን ይጠይቃል።

ፈጣን_እጅ (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3:30

ይህን ሁሉ ከመድከም ቦርዱን በፀጉር ማድረቂያ 10 ደቂቃ ሞቅ አድርጊው፣ ይነሳል። ብዙ ሰው ያደርገዋል።

የቴስተሩ ሰው (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 4:10

ፈጣን እጅ፣ እባክህ ልጆቹን አታሳስት። በቦርዱ ላይ ያለው እርሳስ አልባ ሶልደር የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ ፀጉር ማድረቂያ እዚያ አይደርስም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የተሰነጠቀ ነገርን ለጊዜው አስፍቶ ማገናኘት ነው። ሲቀዘቅዝ ይለያያል፣ ባለቤቱ «ዳነ» ብሎ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። የራም ማስገቢያው ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ከተጣመመ ያን ጊዜ እውነትም ቦርድ ይቀየር ይባላል። ባትሪው አጠገቡ እያለ ማሞቅማ በእሳት መጫወት ነው።

ልጄ፣ አራቱም አማራጭ ሳይሠራ ቀርቶ ጥገና ቤት መሄድ ግድ ካለሽ ምን እንደሚለካ አውቀሽ ሂጂ። ፋን ዞሯል፣ መብራቱም ብልጭ ብሏል፤ ስለዚህ ዋናው 19 ቮልት ገብቷል፣ የ3.3 እና የ5 ቮልት መስመሮችም ቆመዋል። ያልተረጋገጠው የራሙ ኃይል ነው። ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ይሠራል፤ ከዚያ ሌላ 2.5 ቮልትና 0.6 ቮልት አጋዥ መስመሮች አሉት። ቴክኒሻኑ የቴስተሩን ጥቁር ዘንግ የቦርዱ መሬት (ኔጌቲቭ) ላይ፣ ቀዩን ከራም ማስገቢያው አጠገብ ባለው ኮይል (ውስጡ ሽቦ የተጠመጠመበት ዕቃ) ላይ አድርጎ ማብሪያው ሲነካ 1.2 ማየት አለበት። 1.2 ካለ ቦርዱ የራሱን ድርሻ ጀምሯል፣ ጥርጣሬው ወደ ራሙና ወደ ማስገቢያው ይመለሳል። ከሌለ አንዲት ኃይል ሰጪ ቺፕ ወይም ሾርት ያደረገች (ኃይሉን በቀጥታ ወደ ኔጌቲቭ የምታፈስ) ካፓሲተር ናት፤ እሷ ብቻ ትቀየራለች።

ሾርት ሲፈለግ ባትሪውና ቻርጀሩ ተነቅለው በኦም ይለካል። የ19 ቮልቱ መግቢያ ወደ ዜሮ ካነበበ ሾርት አለ። የፕሮሰሰሩ ኮይሎች ግን በተፈጥሯቸው በጣም ዝቅ ያለ ኦም ያሳያሉ፤ ይህን የማያውቅ ጀማሪ እዚያ ላይ ለክቶ «ፕሮሰሰሩ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። ሾርት ባለበት መስመር ላይ ከሚስተካከል ፓወር ሳፕላይ 1 ቮልት፣ ከ1 እስከ 2 አምፒር ገድቦ ይሰጠዋል፣ ቦርዱ አልኮል ይቀባል። አልኮሉ ቀድሞ የሚደርቅበት ቦታ የሞተችው ዕቃ ናት። 1.2 ቮልት መስመር ላይ 5 ቮልት የሚሰጥ ሰው ግን ራሙንም ፕሮሰሰሩንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ጥገና ቤቱን «1.2 ቮልቱ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ያለው ሰው ለክቷል።

የሆጤዋ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 12:50

እግዜር ይስጥልኝ ካቻቢቴ፣ ጋሼም፣ ሁላችሁም። ተነስቷል! ውጤቱ፦ ከባትሪው በሚርቀው ማስገቢያ ሁለቱም ራሞች፣ አንድ በአንድ፣ ይሠራሉ። በሌላኛው ሁለቱም 2 እና 3 ይላሉ። ዲስኩ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ነበር፣ የሳታ ኬዝ አነበበው፣ ቁልፍም አልጠየቀ። ጽሑፉን ፍላሽ ላይም ኢሜይል ላይም አድርጌያለሁ።

አሁን ግን ባትሪውን መልሼ ስሰካ ሌላ ነገር መጣ። ሲነሳ «የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልተቻለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል። ከዚያ ይከፈታል፣ ነገር ግን ባትሪው አይሞላም፣ ማሽኑም እንደ ኤሊ ነው። በ4 ጊጋ ስለሆነ ነው?

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1:35

እልል! ኤሊነቱ ከ4 ጊጋውም አለበት፣ ዋናው ግን ቻርጀሩ ነው። የዴል ቻርጀር ጫፍ ውስጥ መሃል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ኃይል አታስተላልፍም፤ «እኔ የዴል ነኝ፣ ይህን ያህል ዋት ነኝ» ብላ ትናገራለች። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ወደ ቻርጀሩ የሚወስዳት ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰ ላፕቶፑ ቻርጀሩን አያምነውም፤ ይነሳበታል፣ ግን ባትሪ አይሞላበትም፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። የቅዳሜው መብራትም ድርሻ ቢኖረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ በስልክ መብራት መርፌዋን እይ፤ ቀጥ ብላ መሃል ላይ መቆም አለባት። ከዚያ የጓደኛ የዴል ቻርጀር ተውሰሽ ሞክሪ፤ ወፍራም ጫፍ ያለው፣ 7.4 ሚሊ ሜትር፣ 19.5 ቮልት፣ ቢያንስ 65 ዋት (3.34 አምፒር)። ባለ 90 ዋቱም ይሆናል፤ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። የኤችፒ ወፍራም ጫፍ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ ሰው ይታለላል፤ መርፌው የሚናገረው ቋንቋ ሌላ ነው፣ ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ያመጣብሻል።

በተዋሽው ከሞላ ቻርጀር ትቀይሪያለሽ፣ አለቀ። ካልሞላ የላፕቶፑ መግቢያ ቀዳዳ ነው። እሱም በዚህ ሞዴል ቦርዱ ላይ አልተበየደም፤ በገመድ ቦርዱ ላይ የሚሰካ ራሱን የቻለ ቁራጭ ስለሆነ ሶልደር ሳይነካ ይቀየራል። ለጊዜው ደግሞ በጎን ያለው ታይፕ ሲ ቀዳዳ ቻርጅ ይቀበላል፤ 20 ቮልት የሚሰጥ ባለ 65 ዋት የላፕቶፕ ታይፕ ሲ ቻርጀር ካለ እሱም ባትሪውን ይሞላል። የስልኩ አይሆንም።

ወደ ማስገቢያው እንመለስ። ባትሪውን ነቅለሽ በስልክ ካሜራ አጉልተሽ ጥርሶቹን እያቸው። እኩል ካልተሰለፉ፣ አንዷ ካጎነበሰች፣ በመርፌ ለማቃናት አትሞክሪ፤ 260 ጥርስ ናቸው፣ አንዷን ስታቀኚ ጎረቤቷ ትሰበራለች። ሁሉም ቀጥ ያሉ ከሆኑ 99 አልኮሉን ቡርሹ ላይ ጠብ አድርገሽ በርዝመቱ አቅጣጫ 5 እና 6 ጊዜ አመላልሺ፣ ራሙን 10 ጊዜ ያህል አስገቢ አውጪ (ብረቱ ብረቱን ይጠርገዋል)፣ አንድ ሰዓት ተይው፣ ሞክሪ። በአፍሽ እፍ አትበይበት፣ ምራቅ ይገባል።

እሱም እምቢ ካለ ማስገቢያ ለማስቀየር አትሩጪ። የሚሠራው ላይ አንድ ባለ 8 ጊጋ ክተቺና ኑሪ። ስትገዢ «ዲዲአር4 የላፕቶፕ» በይ፣ 2400 ወይም 2666 የሚል፤ 2666ቱ ራሱን ወደ 2400 አውርዶ ይሠራል። ዲዲአር3 ቁርጡ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፤ ካልገባ አታስገድጂው። በአንድ ራም መሥራት ምስል የሚያወጣውን ክፍል ትንሽ ያዘገየዋል፤ ለጽሑፍ ሥራ ግን አታውቂውም።

የቴስተሩ ሰው (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:20

ካቻቢቴ የረሳውን ልጨምር። ቻርጀሩን በቴስተር ለመለካት የፈለገ፦ በጫፉ የውስጥ ግድግዳ ላይ ፖዘቲቭ፣ የውጩ ብረት ኔጌቲቭ ነው፣ መርፌዋን አትንኳት። ዲሲ ላይ አድርጋችሁ 19.5 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ባለ 20ው ላይ «1» ብቻ ካሳየ ወደ 200 አዙሩት። ግን 19.5 አነበበ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ያለ ሸክም ሁሉም ቻርጀር ጀግና ነው።

ባትሪውንም አይተሽው ይሆናል፤ ሆዱ ካበጠ፣ ወይም የመዳፊቱ ሰሌዳ ከፍ ከፍ ካለ፣ አትሙዪው። አዲስ ሲገዛ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቢ፤ በዚህ ሞዴል ባለ 4 ሴሉ 7.6፣ ባለ 3 ሴሉ 11.4 ቮልት ነው።

የሆጤዋ (ደሴ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1:15

መርፌዋ ወደ ጎን ተጋድማ ነበር። በተዋስኩት ባለ 65 ዋት ጽሑፉ ጠፋ፣ ባትሪው እየሞላ ነው፣ ፍጥነቱም ተመለሰ። ሁለተኛው ማስገቢያ ከአልኮሉ በኋላ አንዴ ሠራ፣ አንዴ እምቢ አለ። ምን ላድርግ? ሰዓቱም ወደ ኋላ ሄዶ ብሮውዘሩ ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ይላል።

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1:50

አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ማስገቢያ ጨርሶ ከሞተው ይብሳል፤ ጽሑፍ እየጻፍሽ መሃል ላይ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣብሻል። ባዶውን ተይው። በሚሠራው ላይ ያለውን ራም ደግሞ ፈትኚው፦ ሲነሳ ኤፍ12 እየነካካሽ ዳያግኖስቲክስ የሚለውን ምረጪ፣ የሜሞሪውን ረጅም ፈተና አስጀምሪና ተኚ። ቻርጀሩ እንደተሰካ ይሁን።

ሰዓቱ ወደ ኋላ የሄደው ትንሿ ክብ ባትሪ ደክማ ነው። ዋናው ባትሪ ሲነቀል ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት፤ ሲአር2032፣ 3 ቮልት፣ በዚህ ሞዴል ገመድ ያላት። በቴስተር ከ2.7 በታች ካነበበች ቀይሪያት። እስከዚያው ቀኑን በእጅ አስተካክዪ፣ ብሮውዘሩ ይታረቃል።

ስትዘጊው ክዳኑን ከመጫንሽ በፊት ፋኑን በቡርሽ ጥረጊው፤ ክንፉን በጣትሽ ይዘሽ፣ እንዳይሽከረከር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት አብዝቶ ይለፋል። ላዩ ላይ አቧራ ሲጨመርበት አይችልም።